የተረቱ ሰዎች ግድግዳ

ማክሰኞ፣ ሰቆጣ፣ ሊነጋጋ ሲል

ሰይድ ፒካፑን ከሆቴሉ በር ላይ አቁሞ አንድ ጊዜ ብቻ ጥሩምባ ነፋ። ለእኔ አዝኖ አይደለም። መስጊዱ ቅርብ ነው፤ የሱብሒ ሶላት ገና አላለቀም። ጥቅምት ስለሆነ የሰቆጣ ብርድ ጆሮ ይቆርጣል። ጋቢዬን እስከ አፍንጫዬ ተከናንቤ ስወጣ ሳቀብኝ።

«ጋሼ፣ ወደ ወንዙ ስንወርድ ያንን ጋቢ የሚሸከምልዎት ሰው ይፈልጋሉ።»

ሰይድ የሰቆጣ ነጋዴ ልጅ ነው። አባቱ ጨርቅና ጨው ሲሸጡ ኖረዋል፤ እሱ ሰው ያመላልሳል። መንገዱን ያውቀዋል፤ ወሬውንም እንዲሁ።

እኔ አሮጌ ቤት የማየት ሱስ አለብኝ። ሌላው ሰው ጡረታ ሲወጣ የዕድር ሰብሳቢ ይሆናል፤ እኔ የዘመመ ግድግዳ ካየሁ ቆሜ እቀራለሁ፤ ያየሁትንም ለጋዜጣ እጽፋለሁ። በዋግ ኽምራ አንዲት አምባ ላይ ሕዝቡ ራሱ የሠራው ፍርድ ቤት እንዳለ፣ ከጦርነቱ ወዲህም ለመጀመሪያ ጊዜ ተዘዋዋሪ ችሎት ሊሰየምበት መሆኑን ስሰማ ሻንጣዬን አዘጋጀሁ። የአምባዋን ስም ግን አልጽፍም። እዚያ ያየሁት የሰው ገበና ነው፤ ባለቤቶቹም «ነገሩን ጻፈው፣ ስማችንን ለውጠው» ብለውኛል።

ከሰይድ ጎን ዳኛዋ ተቀምጣለች። ሕይወት እንበላት። ገና ወጣት ናት፤ ጥቁር ካባዋን አጣጥፋ በፌስታል ጭናዋ ላይ ይዛለች። የችሎቱ ጸሐፊ ከእኔ ጋር ከኋላ ነው፤ መኪናው ገና ሳይንቀሳቀስ እንቅልፍ ወሰደው።

«ዳኛ እንዲህ በጨለማ ተነሥቶ ሲንገላታ አይቼ አላውቅም» አልኳት። «እኔ የማውቀው ባለጉዳይ ሲንገላታ ነው።»

ፈገግ አለች። በአንድ የውርስ ነገር አዲስ አበባ የፍርድ ቤት ኮሪደር ስለካ ኖሬያለሁና ቀልዴ ከልቤ ነበር።

ጽጽቃ፣ ረፋድ ላይ

መንገዱ ጠመዝማዛ ነው፤ ጠጠርና አቧራ። ግራና ቀኝ እርከን የተሠራለት ገደል፣ በየጥጉ በለስ፣ ከዚያ ደግሞ ባዶ ቀይ መሬት። የተቃጠለ የጭነት መኪና አጽም ከመንገዱ ወጥቶ ተጋድሟል፤ ፍየሎች ጥላው ሥር ተኝተዋል። ሰይድ እሱን ሲያልፍ ሁልጊዜ ሬዲዮውን እንደሚዘጋ ነገረኝ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁትም።

ጽጽቃ ወርደን ፉል በላን። ገበያው ገና እየሞቀ ነው፤ ማር በጀሪካን፣ ማሽላ በማዳበሪያ፣ ቀንዱ የተጣመመ ሙክት። ማሩ ነጭ ነው፤ ዋጋው አዲስ አበባ የምንገዛበትን ግማሽ አይሞላም። ሁለት ሴቶች በኽምጣኛ ሲጨቃጨቁ ቆይተው ወደ እኛ ሲዞሩ በአማርኛ «እንደምን አደራችሁ» አሉንና ወደ ጭቅጭቃቸው ተመለሱ።

ዳኛዋ ዳቦዋን እየቆረሰች ድንገት ተናገረች። «አንድ መዝገብ አለ፤ እንቅልፍ የነሳኝ።»

«የነፍስ ግድያ ነው?»

«አይደለም። አንዲት አሮጊት ከፍርድ ቤቱ ግድግዳ ላይ አንድ ድንጋይ ይውጣልኝ ብለው አመልክተዋል።»

ሰይድ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ስለዚህ እሱም አቆመ።

ወንዙ፣ ከቀትር በኋላ

ከጽጽቃ አልፈን ብዙ ከተጓዝን በኋላ መኪናው የሚደርስበት አለቀ። ከዚያ ወዲያ ወንዝ ነው፤ ከተከዜ ገባሮች አንዱ። አሁን ውኃው ከጉልበት አይበልጥም፤ ክረምት ግን ዛፍ ከነሥሩ ነቅሎ ይወስዳል። ከማዶ ገደል፣ ከገደሉ በላይ አምባዋ አለች። በሌላው ጎኗም ሌላ ወንዝ ያልፋል። ሐምሌ ሲገባ አምባዋ ደሴት ትሆናለች፤ የታመመ አይወርድም፣ የተከሰሰም እንዲሁ።

የችሎት ቤቱ ጠባቂ አባ ኪሮስ በቅሎ ይዘው ወንዙ ዳር ጠበቁን። ቀጭን ሽማግሌ ናቸው፤ ድምፃቸው ግን ከእሳቸው ይበልጣል። በቅሎዋ ለዳኛዋ ተጭና የመጣች ነበረች። ዳኛዋ የእኔን ጉልበት አይታ ለእኔ ሰጠችኝ። እምቢ ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም። ሰይድ መኪናውን ሊጠብቅ ቀረ፤ ጋቢዬንም እሱ ዘንድ ተውኩት።

ውኃው መሐል ስንደርስ አባ ኪሮስ ቆሙ።

«ይች ናት» አሉ።

«ምኗ?»

«ቤቱን ያሠራችው።»

ከዚያ እንዲህ ነገሩኝ። በንጉሡ ዘመን ከሳሽና ተከሳሽ ወደ ዳኛ ሲሄዱ የጋቢያቸው ጫፍ ለጫፍ ተቋጥሮ ነበር፤ ቁራኛ ይባላል። አንዱ እንዳይጠፋ ነው። አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ያድራሉ፣ ስንቃቸውን አብረው ይበላሉ።

«ስንቱ መንገድ ላይ ታርቆ ተመለሰ መሰለህ!» አሉኝ። «ታዲያ አንድ ክረምት በጥጃ የተጣሉ ሁለት ሰዎች እዚችው ላይ ገቡ። ደራሽ ጎርፍ መጣ። ዳር ያለው ሰው ‹ቋጠሮውን ፍቱት! ፍቱት!› ይላል። አልፈቱትም።»

«ለምን?»

እንደ ሕፃን አዩኝ። «የዳኛ ቋጠሮ ነዋ! ዳኛ ያልፈታውን ማን ይፈታል? ሬሳቸው ኸታች አሸዋው ላይ ሲገኝ ቋጠሮው እንዳለ ነበር። ሳይፈቱ ባንድ ጉድጓድ ቀበሯቸው።»

በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውኃ ይቆማል ሲባል ሰምቼ አድጌያለሁ። የዚያን ቀን ሰዎቹ ለሕጉ ቆሙ፤ ውኃው አልቆመም።

«ኸዚያ ወዲያ አገሩ ተሰብስቦ ተማማለ» አሉ አባ ኪሮስ እየተራመዱ። «እኛ ወደ ዳኛ አንሻገርም፤ ዳኛ ወደኛ ይሻገር ተባለ። ዳኛውም ‹ቤት ኸሠራችሁልኝ እመጣለሁ› አለ። ድንጋዩን ማን ያምጣ ሲባል ‹የተረታ ያምጣ› ተባለ። የረታማ ምን አገባው? ደስ ብሎት ኸቤቱ ይግባ።»

አምባዋ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ

ቤቱ አንድ ክፍል ብቻ ነው። ክዳኑ ዱሮ ሣር ነበር፤ አሁን ዝገት የበላው ቆርቆሮ ነው። ግድግዳውን ግን እንደዚያ ያለ አላየሁም። ድንጋዩ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ነጭ፣ ሌላው ቀይ ነው፤ አንዱ ጠፍጣፋ፣ አንዱ ድቡልቡል። የተረታ ሁሉ ከገዛ መሬቱ ስላመጣ ነው። አምባዋ ላይ የተጣላ ሰው ሁሉ እዚያ ግድግዳ ውስጥ አለ።

አባ ኪሮስ በበትራቸው እየነኩ አስጎበኙኝ። «ይች የአጎቴ ልጅ ድንጋይ ናት፤ በሬ ሰርቆ። ይች የቄሱ ናት፤ ቄስም ይረታል እኮ። ይች ደግሞ የሦስት ወንድማማች፤ ባንዲት ማሳ።»

«ይችስ?»

«ይችማ የኔ ናት።»

«ምን አድርገው?»

«ሚስቴን መትቼ» አሉ። ይህን ሲሉ አልሳቁም።

ደርግ ሲመጣ ቤቱ የእህል መጋዘን ሆነ፤ ቀጥሎ የመሠረተ ትምህርት ክፍል፤ ከዚያ እንደገና ችሎት። ጦርነቱ ጊዜ ከታች የተፈናቀሉ ሰዎች ሰፈሩበት። ብርዱ ሲጠና አግዳሚ ወንበሮቹን አነደዱ። በሩን ግን ማንም አላነደደውም። በር የሌለው ቤት ዳኛ አይገባበትም ብለው ነው። ይህን ሲነግሩኝ ዳኛዋ ፊቷን ወደ ገደሉ አዞረች።

ከዚያ ማዕዘኑን አሳዩኝ። ከታች መሠረቱ ላይ አንድ ረጅም ግራጫ ድንጋይ ሁለቱን ግድግዳ አገናኝቶ ይዟል። ጥሩ ድንጋይ ነው፤ የማንም ግንበኛ ዓይን ያርፍበታል። ያን ጊዜ አንዲት አሮጊት በመንገዱ መጣች፤ ከማዕዘኑ ስትደርስ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ስባ፣ አንገቷን ደፍታ አለፈች። ካለፈች በኋላ ገለጠችው።

«ትብለጥ ናት» አሉ አባ ኪሮስ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ኸሕፃንነቷ ጀምሮ እንዲሁ ናት።»

ድንጋዩ የአባቷ ነው። ትብለጥ ትንሽ ልጅ ሳለች አባቷ ወሰን ገፍተሃል ተብሎ በጎረቤቱ ተከሰሰ። አንድ ምስክር የወሰኑን ድንጋይ ሲገፋ አየሁት ብሎ ማለ። ተረታ። ዳኛውም ያው የተጣሉበት የወሰን ድንጋይ ተነቅሎ ይምጣ አለ። አባቷ ተሸክሞ አመጣው፤ ቤቱ ገና መሠረቱ እየተጣለ ነበርና ማዕዘን ሆነ። ከዚያ ቀን ወዲያ ቤተሰቡ ወሰን ገፊ ነው። ምስክሩ አርጅቶ ሊሞት ሲል ሽማግሌ አስጠርቶ «አየሁት አልኩ እንጂ አላየሁም» አለ። ሽማግሌዎቹ ሰሙ፤ አዘኑ፤ ድንጋዩ ግን እዚያው ነው። ምስክሩ ልጅ የለውም፤ ዳኛውም ከሞተ ቆየ።

ትብለጥ ይህን ሁሉ ዘመን ችላ ኖረች። ባለፈው ዓመት ግን የልጅ ልጇን ሊያጩ የመጡ ሽማግሌዎች ዘር ሲቆጥሩ ድንጋዩ ላይ ደረሱ፤ ጠላውን ሳይጨርሱ ተነሥተው ሄዱ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እዚህ ያልተወጋውም አልረሳም።

እኔ ግን፣ እውነቱን ልናገርና፣ ማታውን ያሰብኩት ስለ ማዕዘኑ ነበር። ድንጋዩ ከወጣ ቤቱ አይቆምም። ቤቱ ከወደቀ ደግሞ ችሎቱ አይመጣም፤ ሰው እንደገና ክረምት ያንን ወንዝ ሊሻገር ነው።

ረቡዕ፣ ችሎት

ጠዋት አምባው ሁሉ ወጣ። ውስጡ ስለማይበቃ ገሚሱ በደጅ፣ ገሚሱ በመስኮት ነው። ዳኛዋ ካባዋን ለብሳ ገባች፤ ሰው ሁሉ ተነሣ። የፍየል ነገር፣ የቀለብ ነገር፣ የተቆረጠ ዛፍ ነገር ሰማች፤ አንዱን ወሰነች፣ ሁለቱን አስታረቀች። ቀጠሮ ያልሰጠ ችሎት ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

ከዚያ ትብለጥ ተጠራች። ስትገባ በማዕዘኑ በኩል ፊቷን ሸፍና ነው።

«ልጄ» ብላ ጀመረች።

ጸሐፊው «ክብርት ዳኛ በይ» ብሎ አንሾካሾከ።

«ክብርት ልጄ» አለች። ሰው ሳቀ። ቀጥሎ የተናገረችው ግን ሳቁን አጠፋው። «ብዙ አይዶለም የምለምንሽ። አባቴን ኸዚህ ግድግዳ አውጭልኝ። እውነቱ ታውቋል። ታዲያ ምን ይሠራል እዚህ?»

ዳኛዋ የዚያን ጊዜውን ከሳሽ ልጅ ጠየቀች። ወልዴ ይባላል፤ የትብለጥ ጎረቤት ነው፤ ሽበት ጀምሮታል። ተነሥቶ ኮፍያውን አወለቀ።

«የምለው የለኝም። አባቴ በሐሰት ረትቷል፤ ወሰኑን ኸመለስኩላት ቆይቷል። ቤቱ እንዳይወድቅ ብቻ እሰጋለሁ። ሚስቴ ወልዳ የሞተችው ወንዙ ሞልቶ መሻገር ሲያቅተን ነው። ዳኛ መምጣት ኸተወ ሐኪምም መንግሥትም አይመጣም፤ እኛን የሚያስታውሰን ይኸ ቤት ነው።»

በዚያ አገር ልማድ እንግዳ በችሎት ከተገኘ ሐሳቡን ይጠየቃል፤ ዘመድ ስለሌለው አያዳላም ይላሉ። አባ ኪሮስ ወደ እኔ ዞሩ። «እንግዳው ምን ይላል?»

ተነሣሁ። ከትናንት ጀምሮ ሳሰላስል ያደርኩትን ተናገርኩ፤ ድንጋዩ ማዕዘን መሆኑን፣ ከወጣ ሁለቱም ግድግዳ እንደሚወርድ፣ እንዲህ ያለ ቤት በአገራችን ሌላ አለመኖሩን። ጥሩ የተናገርኩ መስሎኝ ነበር።

ትብለጥ ዞራ አየችኝ። አልተቆጣችም።

«እንግዲያ ይኸ ቤት የቆመው በአባቴ ውርደት ነው?» አለች። «እንዲህ ኸሆነ ይውደቅ።»

ቁጭ አልኩ። የት እንደምገባ ጠፋኝ። ስለ ግድግዳ ይህን ያህል ዓመት ስጽፍ በውስጡ ሰው እንዳለ እንዲህ አድርጎ የነገረኝ የለም።

ዳኛዋ ከመዝገቡ ቀና አለች። ከዚያ ቀስ ብላ ተናገረች።

«እናቴ፣ የዚያን ጊዜውን ፍርድ መሻር አልችልም። የይግባኙ ጊዜ አልፏል፤ የተከራከሩትም በሕይወት የሉም። ሕጉ እዚህ ላይ ያቆመኛል።» ሰው አጉረመረመ። ትብለጥ ነጠላዋን ወደ ፊቷ መሳብ ጀመረች። «ቆይ፣ አልጨረስኩም። አባ ኪሮስ፣ በእናንተ ልማድ ድንጋይ የሚያመጣ ማን ነው?»

«የተረታ ነዋ።»

«እውነቱ ሲወጣ ታዲያ ማን ተረታ?»

ሰው እርስ በርሱ ተያየ። አንዱ «ምስክሩ» አለ። ወልዴ «በአባቴ ፈንታ እኔ ላምጣ፣ ዛሬውኑ» ብሎ ተነሣ።

«አባትህ ከሰሰ፤ ምስክሩ ዋሸ» አለች ዳኛዋ። «ያመነው ግን ችሎቱ ነው። ችሎቱ ነው የተረታው።»

ይህን ብላ ተነሣች፤ ካባዋን እንደለበሰች በበሩ ወጣች። መጀመሪያ የሚሆነውን የተረዳ ሰው አልነበረም። ጸሐፊው እስክሪብቶውን ይዞ ቀረ። እሷ ከቤቱ በታች ወዳለው ደረቅ ጅረት ወረደች፤ ጎንበስ ብላ አንድ ጥቁር ድንጋይ መረጠች፤ ከአቅሟ በላይ ነበር። ትከሻዋ ላይ አወጣችው። ካባዋ አቧራ በአቧራ ሆነ።

ወልዴ ሊቀበላት ሮጠ። አባ ኪሮስ በበትራቸው አገዱት። «ተው! የተረታ ራሱ ይሸከማል።»

ዳገቱ ላይ ስትደርስ ተንገዳገደች። ያን ጊዜ ትብለጥ ከሰዉ መሐል ወጣች፤ ማንም ሊያግዳት አልደፈረም። ወርዳ የድንጋዩን አንድ ጎን ያዘች።

«እኔ እንኳ ይኸን ሥራ አውቀዋለሁ» አለች። «አባቴ ሲሸከም ኸኋላው እያለቀስኩ መጥቻለሁ።»

ሁለቱ ይዘውት መጡ። እኔ አለቀስኩ፤ አልደብቅም። ከጎኔ የቆመው ሽማግሌም እንዲሁ።

«የት ይቀመጥ?» አለች ዳኛዋ እየተነፈሰች።

ትብለጥ ዙሪያዋን አየች። ማዕዘኑንም አየችው። ከዚያ በጣቷ የበሩን ደፍ አሳየች።

«ኸዚህ ይሁን። ዳኛ ሁሉ ሲገባ ይርገጠው፤ ከመፍረዱ በፊት ያስብ። የአባቴም ይቆይ፤ ካሁን ወዲያ ተሸካሚ እንጂ ወሰን ገፊ አይዶለም።»

ወልዴ ዶማ አምጥቶ ደፉን ቆፈረ። ድንጋዩ ገባ፤ አፈር ተሞላበት፤ አባ ኪሮስ በእግራቸው ጠቀጠቁት። ከዚያ ዳኛዋ እጇን አራግፋ ድንጋዩን ረግጣ ገባችና ወንበሯ ላይ ተቀመጠች።

«ቀጣዩ መዝገብ» አለች።

መልስ፣ ከሰዓት

ወንዙ ድረስ የሸኙን ብዙ ናቸው። አሁን በቅሎዋን እኔ ለዳኛዋ ሰጠሁ፤ ትከሻዋ አብጦ ነበር። ሰይድን መኪናው ኮፈን ላይ ጋቢዬን አንጥፎ ተኝቶ አገኘነው።

«ድንጋዩስ? ወጣ?» አለኝ።

«ገባ» አልኩት፤ መንገድ ላይ እስክነግረው ግራ ገብቶት ነዳ።

ከአምባዋ ስንወርድ አንድ ጊዜ ዞሬ አይቻለሁ። ሰዉ ተበትኖ ደጁ ባዶ ነበር። ትብለጥ ብቻ ቀርታለች። ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ወርዷል፤ ጀርባዋን ለማዕዘኑ ሰጥታ፣ እግሯን ዘርግታ፣ አባቷን ተደግፋ ፀሐይ ትሞቃለች።